የመታወቂያው ጀርባ

ስለ አዲስ አበባ የነዋሪነት መታወቂያ የሚነሣው ሙግት ሁልጊዜ የሚያጠነጥነው በካርዱ ፊት ላይ ነው። ፎቶው ሊነቀል ይችላል ወይ? ማኅተሙን አስመስሎ መቅረጽ ይቻላል ወይ? ወረቀት ይሻላል ፕላስቲክ? ጀርባውን ገልብጦ የሚያይ ጥቂት ነው። በአሮጌዎቹ የቀበሌ መታወቂያዎች ጀርባ ብዙውን ጊዜ ለእድሳት የተተወ ቦታ ነበር፤ ቀን፣ ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማኅተም የሚያርፍበት፣ አንዳንዴም ቦታው ስለሚጠብብ አንዱ ማኅተም በሌላው ላይ የሚደረብበት። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ መሥሪያ ቤቱ ስለ ሰውየው የሰጠውን ቃል ይደግማል። ካርድ ላይ የሰፈረ መረጃ የሚያረጀው ቀለሙ ሳይደበዝዝ ነውና፣ ካርዱ መቼ ታተመ ከሚለው ይልቅ መቼና ለምን ታደሰ የሚለው ጥያቄ ብዙ ይናገራል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በነዋሪው እጅ ያለፉትን ካርዶች ተራ በተራ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል፦ የካርድ መረጃ የታደሰው ባለቤቱን ወደ መስኮቱ የሚመልስ ጥቅም በነበረበት ጊዜ ብቻ ነው። ጥቅሙ ሲቀር እድሳቱ ባዶ ሥርዓት ይሆናል፤ የማተሚያው መራቀቅም ይህን አይለውጠውም።

ሕጉ አስቀድሞ ያሰበው መዝገብን ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፉበት የክብር መዝገብ እንዲኖር በዝርዝር ደንግጎ፣ በመጨረሻዎቹ አንቀጾች ላይ ደግሞ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ አፈጻጸሙን አሳደረው። ትእዛዙ ሳይወጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል ክፍተቱን የሞላው ቀበሌ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ነዋሪውን በማኅበር አደራጀ፤ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶችም በቀበሌ እጅ ገቡ። ቀበሌ ማን የት እንደሚኖር ያወቀው እንግዲህ በቆጠራ ትጋት አይደለም። አከራይ ስለነበረ ነው። በየወሩ ኪራይ የሚቀበል ጸሐፊ የቤት ቁጥሩን፣ የአባወራውን ስምና የቤቱን ሁኔታ ሳይጠይቅ ያውቃል፤ የኪራይ ደረሰኙ ግንድ ራሱ የታደሰ መዝገብ ነበር።

ከኪራዩ ጋር የኅብረት ሱቅ መጣ። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይትና እህል በድርሻ በሚታደሉበት ዘመን አንድ ቤተሰብ የሚይዘው የራሽን ካርድ በአሠራሩ ብልህ ነገር ነበር። የአባወራው ስም፣ የቤት ቁጥሩና የቤተሰቡ ብዛት በላይ በኩል ይጻፋል፤ ከሥር ወራቱና የዕቃዎቹ ዓይነት በመስመር ተከፋፍለው ባዶ ሳጥኖች ይሆናሉ። ባለ ሱቁ የሰጠውን መጠን ሳጥኑ ውስጥ ጽፎ ይፈርማል። የተሞላው ሳጥን የተወሰደ ነው፤ ያልተሞላው የቀረ ድርሻ ነው። ሒሳቡን ለማወቅ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት መላክም ሆነ ትልቅ መዝገብ መግለጥ አያስፈልግም፤ የድርሻው ሁኔታ ካርዱ ላይ ነው ያለው፤ ካርዱን ከሱቅ ቤት የሚያመላልሰው ደግሞ ባለቤቱ ነው። የቤተሰቡ ቁጥርም ይታደስ ነበር፤ በአንድ ወገን ብቻ። ልጅ ሲወለድ ስኳሩ እንዲጨመር የማይሮጥ ወላጅ የለም። ከቤት የወጣን ሰው ለማሰረዝ የሚሮጥ ግን ማን አለ? ሄዶም የቀረ፣ ሞቶም ያለፈ ሰው ስኳሩን ለቤቱ ትቶ ነው የሚሄደው። ይህ ጉድለት ከዚያ በኋላ የመጣውን ካርድ ሁሉ ተከትሎታል፤ መጨመርን ጥቅም ያስነግራል፣ መቀነስን ጥቅም ያስደብቃል።

መቀነስን ያስገደደ አንድ መሣሪያ ብቻ ነበር፤ እሱም መሸኛ ነው። ከቀበሌ ቀበሌ የሚዛወር ሰው ከለቀቀበት ቀበሌ የመሸኛ ደብዳቤ ካላመጣ አዲሱ ቀበሌ አይመዘግበውም፤ አሮጌው ቀበሌ ደግሞ መሸኛውን ሲጽፍ መታወቂያውን ተቀብሎ ነዋሪዎቹን ከሚመዘግብበት የቤተሰብ ቅጽ ላይ ይሰርዘዋል። በአንድ ወረቀት ሁለት መዝገቦች ይስተካከላሉ፤ አንዱ ይቀንሳል፣ ሌላው ይጨምራል። ስለ ቀበሌ ቢሮ የተማረረ ሁሉ መሸኛን የምሬቱ ቁንጮ ያደርገዋል። ፋይል ጠፋ፣ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ናቸው፣ ውዝፍ መዋጮ አለብህ የሚባለው እዚያ ነውና ምሬቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ግን በመረጃ አያያዝ ዓይን ሲታይ ከቀበሌው አሠራሮች ሁሉ ማሰረዝን ያሰበበት እሱ ብቻ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ራሽኑ ቀረ፤ ገበያው ተከፈተ። መታወቂያው ቀጠለ፤ ያድሰው የነበረው ጥቅም ግን ከሥሩ ተነቀለ። ከዚያ በኋላ እድሳት ማለት ቀኑ ስላለፈ ብቻ ጉርድ ፎቶ ይዞ ሄዶ፣ አገልግሎቱን ከፍሎ፣ በአዲስ ቀን የተጻፈ አሮጌ መረጃ ይዞ መመለስ ሆነ። ከዓመታት በኋላ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ስኳርና ዘይት በኩፖን ማደል ሲጀምሩ የቤተሰብ ብዛት እንደገና ዋጋ አገኘ፤ የነዋሪነት መታወቂያው ግን ከዚያ ጥቅም ጋር እንደ ቀድሞው አልተጣበቀም።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይህ መላላት ጎልቶ የሚታይበት ነው። ክፍለ ከተማው ራሱ የተወለደው በ1995 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በ10 ክፍለ ከተሞች ሲዋቀር ነው፤ ከሳሪስና ከጎተራ ወዲህ ያለው የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር፣ ጎፋና መካኒሳ፣ ላፍቶና ለቡ፣ ሳር ቤት አካባቢ ያለው የቪላ መንደር በአንድ ስም ሥር ገቡ። ቀበሌዎች እየተዋሐዱ በከተማው ወደ 99 ወረዱ፤ መታወቂያዎች ላይ በእዝባር የተለያዩ ጥንድ የቀበሌ ቁጥሮች የታዩት በዚያ ዘመን ነው። ብዙ ሳይቆይ ቀበሌው ወረዳ ተባለ፤ በከተማው 116 ወረዳዎች ሆኑ። ሰውየው ከቤቱ ሳይነቃነቅ አድራሻው ሦስት ጊዜ ተለወጠ ማለት ነው። ካርዱ ላይ ያለው ግን ያወጣው ጊዜ የነበረው ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መካከል የተደረገው የወሰን ስምምነትም በከተማው ዳርቻ ያሉ ሰዎችን ጉዳያቸውን የሚያስፈጽሙበትን ቢሮ አስቀይሯል። መንግሥት የራሱን ስም በካርዱ ላይ ማደስ ካቃተው፣ ነዋሪውን አድራሻህን አላሳወቅህም ብሎ መውቀስ ይከብዳል።

በዚያው ክፍለ ከተማ ያለው ጀሞ ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ተጠናቀው ዕጣ ሲወጣ ከመሐል ከተማ የመጡ ሺዎች እዚያ ገቡ፤ ብዙ ዕድለኞች ግን ቤቱን አከራይተው በነበሩበት ቆዩ። ባለቤቱ የሚኖረው ሌላ ቦታ ነው፤ ተከራዩ ደግሞ በአከራዩ ፈቃድ በደባልነት ካልተመዘገበ በስተቀር ለወረዳው የለም። አከራዩ ተከራይ እንዳለው ማስመዝገብ ምን ያስገኝለታል? ምንም፤ ግብር ሊያስከትልበት ይችላል እንጂ። ተከራዩስ መሸኛ አውጥቶ አሮጌ ቦታውን መልቀቁ ምን ይጠቅመዋል? ነገ ሌላ ቤት ይገባል። ስለዚህ ጀሞ የሚያድር ሰው የልደታ ወይም የአራዳ መታወቂያ ይዞ መኖሩ የተለመደ ሆነ። ካርዱ ሐሰተኛ አይደለም። ማኅተሙም ፊርማውም እውነተኛ ነው። እውነት ያልሆነው የያዘው አድራሻ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። የከተማው ትልቁ ችግር ፎርጅድ መታወቂያ ነው፤ ማንም በየሥርቻው ማኅተም እያስቀረጸ በሚያትምበት አገር ስለ እድሳት ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። የሐሰተኛ መታወቂያ ችግር እውነት ነው፤ ባንክን፣ ፍርድ ቤትንና ፖሊስን ለዓመታት አስቸግሯል። ነገር ግን ጠንካራው ማጭበርበሪያ ማኅተም መቅረጽ አልነበረም። ከሁለት ቀበሌ ሁለት እውነተኛ መታወቂያ ማውጣት፣ በምስክር ቃል ብቻ ነዋሪ ሆኖ መመዝገብ፣ በለቀቁበት ቤት ቁጥር ማሳደስ ነበር። እነዚህን የትኛውም ሆሎግራም አይይዛቸውም፤ የተሳሳተውን መረጃ ያተመው ሕጋዊው ማተሚያ ነውና። የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ኤጀንሲው የወረቀቱን መታወቂያ በዲጂታል ካርድ መተካት ሲጀምር የካርዱ መልክ በእጅጉ ተሻሻለ። ከቤተሰብ ቅጹ ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠው አድራሻ ግን ያው የቤተሰብ ቅጹ ላይ የነበረው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የባሰ ይከብዳል፤ መረጃን ከጥቅም ጋር ማሰር ሰውን በጥቅሙ መያዝ ነው የሚል። የደርግ ዘመን ቀበሌ ለዚህ ሙሉ ማስረጃ ነው። ማን በየትኛው ቤት እንደሚያድር ያወቀው መዝገብ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቤት ለቤት ፍተሻ መሪ ሆኖ አገልግሏል፤ ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት፣ ለስኳር የቀበሌ ፊት ያስፈልግ ነበር። ያኔ ፋይል በትክክል መታደሱ ለብዙ ቤተሰቦች መዓት ነበር፤ ለአንዳንዶች ነፍሳቸውን ያተረፈው የተሳሳተ አድራሻ ነው። ይህን የሚክድ ሰው ታሪክ አላነበበም። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ የኪራይ ደረሰኙና የራሽን ካርዱ መረጃውን ያደሱት ሰዎች ለራሳቸው ብለው ስለመጡ ነው፤ ፍተሻውና ይለፉ ግን ያንን መረጃ ከመጣበት ጉዳይ ነጥለው ለሌላ ዓላማ አዋሉት። መልሱ መረጃ እንዲያረጅ መተው ከሆነ፣ የሚጎዳው መጀመሪያ መብቱን በአድራሻው የሚጠይቀው ድሃ ነው። ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ መረጃ ለሌላ እንዳይውል መከልከሉ የሕግ ሥራ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ አፈጻጸሙ ገና የሚታይ ነው።

ጥቅም ካርድን እንዴት እንደሚያድስ ለማየት ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ወጥቶ ወደ መብራት ኃይል መስኮት መሄድ ይበቃል። የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያስገባ ቤት የሚይዘው ካርድ በመልኩ ተራ ፕላስቲክ ነው፤ ላዩ ላይ የታተመው ነገር ከአርማና ከቁጥር ብዙ አይዘልም። ዋናው ነገር ያለው በማይታየው ማኅደረ ትውስታው ውስጥ ነው። በተለመደው አሠራር ደንበኛው ካርዱን ወደ አገልግሎት ማዕከሉ ይዞ ይሄዳል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ማንበቢያው ላይ አድርጋ የተገዛውን የኪሎዋት ሰዓት መጠን ትጽፍበታለች። ቤት ሲመለስ ካርዱ ቆጣሪው ውስጥ ይገባል፤ ቆጣሪው ሒሳቡን ይወስዳል፣ በካርዱ ላይ ያለውንም ያጠፋል። የዚህ ዓይነት ቆጣሪዎች ከመውሰድ በተጨማሪ የራሳቸውን ንባብ ወደ ካርዱ መልሰው ሊጽፉ ይችላሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ካርዱ ማዕከሉ ሲደርስ ቤቱ ስንት እንደፈጀ አብሮ ይደርሳል። በቆጣሪውና በማዕከሉ መካከል ምንም ሽቦ የለም፤ ሽቦው የደንበኛው እግር ነው። የራሽን ካርዱ አሠራር ራሱ ነው እንግዲህ፤ ሳጥኑና እስክርቢቶው ብቻ ተለውጠዋል። እንዲህ ያለው ካርድ ለወራት ሳይታደስ አይቆይም፤ ካልታደሰ ቤቱ ይጨልማልና። በበዓል ዋዜማ ሒሳብ ያለቀበት ሰው ሰልፉን ቢያማርርም፣ በጀሞ ወይም በጎፋ አንድ ቤት ዛሬ ሰው እንደሚኖርበት ከነዋሪነት መታወቂያው ይልቅ የመብራት ካርዱ ያውቃል።

ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ያቆመው ሥርዓት ከቀበሌ መታወቂያ የሚለየው በመሠረቱ ነው፤ ዋናው ነገር ቁጥሩ ነው፣ ካርዱ ተከታይ ነው። የአሥሩ ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱ ዓይኖች አይሪስና የፊት ምስል ተወስዶ ከሌላው ሁሉ ጋር ይነጻጸራል፤ ስለዚህ አንድ ሰው በሁለት ስም መመዝገብ አይችልም። ብሔርና ሃይማኖት አይጠየቁም። ከሁለት ቀበሌ ሁለት መታወቂያ የማውጣት ዘመን በዚህ በኩል ተዘግቷል፤ ይህ ቀላል ድል አይደለም፣ ማተሚያ ብቻውን ሊያመጣው የማይችል ድል ነው። ካርዱ ሲታተም የልደት ቀኑ በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ይሰፍራል፤ ጀርባው ላይ ትልቅ የኪውአር ኮድ አለ፤ ስልክ ቁጥርና አድራሻም እዚያው ናቸው። በአሮጌው መታወቂያ የእድሳት ማኅተም ያርፍበት የነበረው ጀርባ ማለት ነው።

የኪውአር ኮድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 በጃፓኑ ዴንሶ ኩባንያ የመኪና ክፍሎችን ለመከታተል የተፈለሰፈ ነው፤ በትልቁ መጠኑ ወደ 3 ሺህ ባይት ይይዛል፤ እስከ 30 በመቶው ቢበላሽም ሊነበብ እንዲችል ተደርጎ ሊታተም ይችላል። በፋይዳው ኮድ ውስጥ ስም፣ ጾታ፣ የልደት ቀን፣ የተጨመቀ ፎቶና የሰጪው ዲጂታል ፊርማ አሉ። አንድ ፊደል ቢነካ ፊርማው አይገጥምም፤ ኔትወርክ በሌለበትም ሊመረመር ይችላል። ለአሮጌው የክብ ማኅተም ጥያቄ የመጨረሻው መልስ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግን ፊርማው የሚመሰክረው ሰጪው ያንን መረጃ በዚያ ቀን መስጠቱን ነው፤ ዛሬ እውነት መሆኑን አይደለም። የኮዱ አዘጋጆች ይህን ያወቁት ይመስላል፤ ውስጡ ያስገቡት ቶሎ የማያረጀውን ነው። ቶሎ የሚያረጁት ሁለቱ፣ ስልኩና ሰፈሩ፣ ከኮዱ ጎን በተራ ቀለም ታትመው ቀርተዋል፤ እስክርቢቶም ማኅተምም የማይጨመርበት ፕላስቲክ ላይ።

ካርዱ ማረጁ ምን ይጎዳል፣ እውነተኛው መረጃ በማዕከላዊው ቋት አለ፣ በጣት አሻራ ወይም በስልክ በሚላክ ኮድ ይረጋገጣል ይባል ይሆናል። ለባንክ ይህ ይበቃዋል፤ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ ሒሳብ የሚከፍት ፋይዳ እንዲያቀርብ ሲጠየቅ ባንኩ የሚፈልገው ሰውየው እሱ ራሱ መሆኑን ነው። ወረዳ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ የት ትኖራለህ ነው የሚለው። ማዕከላዊው ቋት ይህን የሚያውቀው ሰውየው ሲመዘገብ የተናገረውን ብቻ ነው። ሲም ካርዱን ያጣ ሰው የማረጋገጫ ኮዱ ስለማይደርሰው ስልኩን ለማስቀየር ይሄዳል፤ እዚህ ላይ ጥቅም ሥራውን ይሠራል። ከጀሞ ወደ ለቡ የተዛወረ ሰው ግን አድራሻውን ለማስቀየር ምን ያስኬደዋል? መሸኛ የለም፤ ማሰረዝን የሚያስገድድ ነገር የለም። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ መሰረዝ አያስፈልግም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ሰውየው ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ግን በሌለበት ነው። የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ባልተደረገበት አገር ይህ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ዕቅድ የሚያዛባ ነገር ነው።

የካርዱ ማብቂያ ቀን ለእድሳት ያስገድዳል የሚለው መልስም ከ1983 በኋላ የታየውን ይረሳል። ቀን ማለፍ ቀንን ያሳድሳል እንጂ መረጃን አያሳድስም። ተስፋ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሎች እንዲመዘገቡ ያዛል፤ ለተከራዩ ደግሞ ቢያንስ የሁለት ዓመት ዋስትናና የኪራይ ጭማሪ ገደብ ይሰጠዋል። የ1967ቱ ቀበሌ በኪራይ ደረሰኝ ያወቀውን ነገር ወረዳው ዳግም በኪራይ ውል ሊያውቀው ይችላል፤ በዚህ ጊዜ መንግሥት ራሱ አከራይ ሳይሆን። ተከራዩ ውሉን የሚያስመዘግበው ራሱን ለመጠበቅ ነውና፣ የዚያው ቀን የፋይዳ አድራሻው አብሮ ቢታደስ ከደባልነት ሰልፍም ይገላገላል። የአከራዩ የግብር ፍርሃት ግን በአዋጅ ብቻ አይጠፋም፤ ውል ሳይመዘገብ የሚከራይ ቤት ብዙ ነው።

ማንም ስለ ራሱ ሊያሳድሰው የማይችለው አንድ መረጃ ይቀራል፤ ሞት። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ሐዘንተኛ ቤተሰብ ግን ውርስ ወይም ጡረታ ከሌለ በቀር ወረዳ የሚያስኬደው ነገር የለም። ላፍቶና መካኒሳ ውስጥ ሞትን በዕለቱ የሚያውቅ አንድ መዝገብ አለ፤ የዕድሩ መዝገብ ነው። አባሉ የሚይዘው የዕድር ካርድ ዓሥራ ሁለት ወራት በመስመር የሰፈሩበት ወረቀት ነው፤ በየወሩ መዋጮ ሲከፈል ጸሐፊው ይፈርምበታል፤ በቤቱ የሚታቀፉት ሰዎች ስም ዝርዝር በዕድሩ ፋይል ውስጥ አለ፤ አንዱ ሲያርፍ ቤተሰቡ በዚያው ቀን ያሳውቃል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና የቀብር ገንዘቡ የሚወጣው በዚያ ነውና። ሕግ ከጠየቀው ሠላሳ ቀን ዕድሩ የሚፈጀው አንዱን ነው። በዚያ ደብተርና በወረዳው ኮምፒውተር መካከል ግን እስከ ዛሬ ምንም መስመር አልተዘረጋም።